ሚዛን ጨመረ ያለው ልጅ

ልጆቼ ስለ ተማረ ሰው ክፉ ስናገር አይወዱም። ሦስቱም ተምረዋል፤ እነሱን የምሸነቁጥ ይመስላቸዋል። እነሱን አይደለም። እኔ የምናገረው ጋምቤላ ላይ ስላየሁት አንድ ሰውዬ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ራሴ። በዚያ ነገር ከሁለታችን ትልቁ ጅል ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎሬ ላይ የኔታ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም አባቴ ሞተና ቀረሁ። ጽሕፈቴ ቢወላገድ አንባቢ አይፍረድብኝ። ነገሩ ግን አይወላገድም፤ እንዳየሁት ነው የምጽፈው።

ጊዜው ጃንሆይ ያረጁበት ጊዜ ነው። ከጎሬ የቡና በቅሎ እየነዳሁ ወደ ጋምቤላ የወረድኩት በጉርምስናዬ ነበር፤ ከዚያ አልተመለስኩም። ባሮ ወንዝ ዳር በአንድ ግሪክ መጋዘን ቡና መዛኝ ሆኜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ቡና መዛኝ ማለት ሚዛን የሚያይ ሰው ይመስላችኋል። ሚዛንማ ማንም ያያል። ቡና መዛኝ ማለት ሚዛኑ የሚዋሸውን የሚያውቅ ሰው ነው። ነጋዴው ቡናውን ውሃ አርከፍክፎበት ያመጣዋል፤ ውሃ የጠጣ ቡና ይከብዳላ። ሚዛኑ ይህን አያውቅም፣ የተሰቀለበትን ይናገራል እንጂ። ስለዚህ መዛኙ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ ከሥር ፍሬ ያወጣል፣ ይነክሳል። ደረቅ ፍሬ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እርጥብ ፍሬ የጥርስህን ምልክት ይዞ ይቀራል። ያኔ ጆንያው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያታለለኝ ነጋዴ የለም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ በኋላ የሚመጣውን ውርደቴን እንድትመዝኑልኝ ነው።

ከሱዳን ይመጣ የነበረው መርከብ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ቀረ። ግሪኩ መጋዘኑን ዘግቶ አገሩ ገባ። እኔ ከጅማ በመጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ደጃፍ ጨው ስሰፍር ከረምኩ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ከሆንኩ በኋላ ነው እዚያው የግሪኩ መጋዘን ላይ ነጭ ሰሌዳ የተሰቀለው። አነበብኩት፤ የሕፃናት ጤና ምርምር ማዕከል ይላል፣ የዩኒቨርሲቲ ነው። የየት ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልጽፍም።

ሥራቸው ይህ ነበር። ከወንዙ ዳር መንደሮች ሕፃናትን መረጡ። ለያንዳንዱ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ በክር አንገቱ ላይ አሰሩለት። እናቶቹ በየሐሙሱ ያመጧቸዋል፣ ልጆቹ ይመዘናሉ፣ ክብደታቸው ካርድ ላይ ይጻፋል፣ እናትየዋ አንድ ሳሙና ተቀብላ ትሄዳለች። ካርዱ ላይ ቀይ መስመር አለ። ክብደቱ ከመስመሩ በታች የወረደ ልጅ የዱቄት ወተት ይሰጠዋል፣ ሲብስም በመኪና ወደ ሐኪም ይላካል። ከመስመሩ በላይ ያለ ጤነኛ ነው፣ ሳሙናውን ይዞ ይሂድ። ወተቱ በቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኖ ከመዘንኩበት ቦታ ጀርባ በቁልፍ ተቆልፎ ተደርድሯል። ለዚህ ሥራ መዛኝ ፈለጉ፤ ከተማው ሁሉ እኔን ጠቆመ። ነጭ ጋዋን አለበሱኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን በሐጂ ሱቅ መስተዋት ሳየው ሐኪም መሰልኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ሁሉ «ባለ ሚዛን» ይለኝ ጀመር።

የማዕከሉ ሐኪም ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። በአውሮፕላን እየመጡ፣ ልጆቹን አስተኝተው ሆዳቸውን ይነኩ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩ ነበር። ካርዱን የሚያዩት ሲወጡ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ግን የአውሮፕላኑ ሜዳ ጭቃ ሆነና አዲስ አበባ ቀሩ። ማዕከሉን የያዘው አቶ ንጉሤ የሚባል ወጣት ነበር። ከተማው «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አያርምም። ሐኪም አልነበረም፤ የቁጥር ሰው ነው። ቁጥር ሲደምርና ሲያካፍል ውሎ ቁጥር ሲደምርና ሲያካፍል ያመሽ ነበር። በዚያ ሁሉ ወር አንድ ልጅ በእጁ ሲነካ አላየሁም። እናቶቹ ሲመጡ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ያደርጋል። ከቢሮው ወደ ሽንት ቤቱ ዐሥር እርምጃ በጃንጥላ ነበር የሚሄደው።

አሪየት የምትባል አንዲት አኙዋ ሴት ነበረች። ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች፤ አማርኛዋንም እዚያው ገበያ ነው የለቀመችው። ልጇ ኦኬሎ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከመንታ ቀጥሎ ለሚወለድ ልጅ አኙዋዎች ኦኬሎ ብለው ይሰይማሉ። መንቶቹ ሞተውባታል፤ የቀራት እሱ ነበር። ቁጥሩ ዐርባ አንድ ነው። በዚያ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ዓሣ ጠፋ፤ ቤት ውስጥ ያለው የበቆሎ ገንፎ ብቻ ነበር። ጡትም ትቷል።

አንድ ሐሙስ ሚዛኑ ላይ ሰቀልኩት፣ ጨምሮ አገኘሁት። በሌሎቹ ልጆች ላይ የሚዛኑ መርፌ ሲወርድ ሲወርድ የሱ ሲወጣ በጣም ደስ አለኝ።

«ልጅሽ ጨመረ» አልኳት።

«ዶቃው ጠበበው» አለች። እግሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ዶቃ እያሳየችኝ ነው።

«ወፈረ ማለት ነዋ። አስረዝሚለት።»

በሚቀጥለው ሐሙስም ጨመረ። ዶቃውን ክሩን ፈትታ ሦስት ፍሬ ጨምራበት መጣች። «ፊቱ እንዲህ ክብ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ስብ ነው» አልኳት። ስብ ነው አልኩ፤ እኔ፣ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያ ስከት የኖርኩት ሰውዬ። በሦስተኛውም ጨመረ። ልጁ ግን መጫወት ትቶ ነበር። ስሰቅለው አይንፈራገጥም፤ ሌሎቹ ልጆች ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ጩኸታቸው ወንዙን ይሻገር ነበር። ጠጉሩም እንደ በቆሎ ጺም ቀላ ብሏል። አይቻለሁ። አይቼ ጨዋ ልጅ ነው አልኩ።

አራተኛው ሐሙስ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር። ኦኬሎን ሰቀልኩት፣ መርፌውን አየሁ፣ ጨምሯል። ከማንጠልጠያው ሳወርደው እግሩ ስለተጠላለፈ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይዤ አወጣሁት። እጄን ሳነሣ የአውራ ጣቴ ምልክት እዚያው ቀረ። እንደ ጭቃ ጎድጉዶ ቀረ። ይሞላል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልሞላም። በሌላው እግሩ ላይ ተጫንኩ፤ እዚያም ቀረ።

ጥርሴ አፌ ውስጥ እርጥብ ፍሬ የነከሰ መሰለኝ። ልጁ አልወፈረም፤ ውሃ ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ውሃ ስመዝን ነበር።

«አሪየት፣ ቆይኝ» ብዬ ልጁን ከነእናቱ አቶ ንጉሤ ቢሮ አስገባኋቸው።

«ጌታዬ፣ ይህ ልጅ አብጧል።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ዐርባ አንድ።»

ልጁ ከፊቱ አንድ ክንድ ላይ ነው። እሱ ከሳጥኑ ውስጥ የዐርባ አንድን ካርድ ፈልጎ አወጣና አየ። አይቶ ፈገግ አለ።

«ይህማ ከሁሉ የተሻለው ነው። አራት ሳምንት ተከታታይ ጨምሯል። አንቺ ጎበዝ እናት ነሽ። ለሷ ዛሬ ሁለት ሳሙና ስጣት።»

«ጌታዬ፣ እግሩን በጣትዎ ይጫኑት።»

«የሐኪም ሥራ ማን ሰጠህ? ሂድና መዝን።»

አሪየት ሁለት ሳሙናዋን ይዛ ሄደች። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር፤ ሌሎቹ እናቶች ሳሙናዋን እያዩ ቀኑባት።

ግትር ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ሚዛኑን ጨርሼ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። በአንድ ጣሳ ደረቅ ቡና፣ በሌላ እኩል ጣሳ ውሃ የጠጣ ቡና ለመንኳቸው። «ምን ልታደርግበት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ለተማረ ሰው ቡና ልታስተምር?» ብለው ሳቁ፤ ግን ሰጡኝ፣ ወደ ጓዳ ገብተው ለምሳቸው የተዘፈዘፈውን ባቄላ ጨመሩልኝ፣ እሱም ያው ነው ብለው። ተመልሼ አቶ ንጉሤ ፊት በትንሿ ሚዛን መዘንኩለት።

«ያዩታል ጌታዬ? ጣሳው እኩል ነው። ይኸኛው ይከብዳል። ቡናው ግን አልበዛም፤ የጨመረው ውሃው ነው። የልጁም እንደዚሁ ነው።»

ጣሳዎቹን ገፋ አደረገ። «ስለ ቡና የጠየቀህ አለ?»

«የለም።»

«እኛ እዚህ የምንለካው ክብደት ነው። መስመሩን ያወጡት በውጭ አገር የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«ክፍል የለኝም። አንድ ቆርቆሮ ወተት ይስጡኝ፣ ከደመወዜ ይቆረጥ።»

«ከመስመሩ በላይ ላለ ልጅ ወተት ከሰጠሁ ጥናቱ ይበላሻል። ለምን እንደጨመረ በኋላ እንዴት ይታወቃል? ሐኪሙ ሲመጡ ያዩታል።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ሜዳው ሲደርቅ።»

በመስኮቱ ዝናቡ ይታያል። ጋምቤላ ላይ ሐምሌ ውስጥ ሜዳ ሲደርቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል። ያንን መስመር እንዳይነካ ተነግሮታል፤ ፈራ። ግን ፍርሃቱን ጥናት ብሎ ሰየመው፣ ይህንን ነው የምንቀው። የፈራ ሰው ፈራሁ ይበላ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሪየት መንደር ወረድኩ። ከወንዙ ዳር ከማንጎዎቹ ሥር ነበር ጎጆዋ። ወንድሟ ኦባንግ በር ላይ ቁጭ ብሎ የታንኳ መቅዘፊያ ይፍቃል። አሪየት በአዲሱ ሳሙና የልጁን ልብስ እያጠበች ነው። ኦኬሎ ቆዳ ላይ ተኝቷል፣ ዓይኑ ክፍት ነው።

«ባለ ሚዛን መጣ» አለ ኦባንግ። «ሳሙናውን ሊወስድ ነው?»

«አሪየት፣ ልጁ ታሟል» አልኳት። «ነገ ጠዋት በታንኳ ከወንዙ ታች ወዳለው የሚሲዮን ክሊኒክ እንውሰደው።»

ማጠቧን አላቆመችም። «ዛሬ ጠዋት ጎበዝ እናት አለኝ።»

«ተሳስቷል።»

«አንተስ? አራት ሐሙስ ጨመረ አልከኝ። ሳቅህ። ጨመረ ስትል ትስቃለህ።»

«እኔም ተሳስቻለሁ።»

«ሚሲዮን ከሄድኩ ይሰርዙኛል። ከተሰረዝኩ ወተቱን አላገኝም።»

«የቱን ወተት?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደ ሞኝ ነው ያየችኝ። «የተቆለፈውን ነዋ። የጨመረ ልጅ ያገኛል። ኦኬሎ ከሁሉ ጨምሯል። ሐሙስ ሐሙስ እጠብቃለሁ፣ ዛሬ ይሰጡኛል፣ ነገ ይሰጡኛል እላለሁ።»

ወተቱ ለማን እንደሚሰጥ ማንም ለእናቶቹ አልነገራቸውም ነበር። ከመስመሩ በታች የወረደ ልጅ ገና ስላልነበረም ወተቱ ሲሰጥ ያየ የለም። ካርድ አለ፣ መስመር አለ፣ ቁልፍ አለ፤ አንድ ሰው ግን ወጥቶ በአፉ አልነገራቸውም። እኔም ጭምር። ሚዛን ያለበት ቦታ ሁሉ የከበደው ነው የሚከፈለው፤ እነሱም ሚዛን የሚያውቁት ከገበያ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ብዙዎቹ ሐሙስ ጠዋት ልጆቻቸውን ውሃ በግድ እያጠጡ ነበር የሚያመጧቸው። እኔ ጆንያውን የማውቅ ሰው የልጅ ሆድ ውስጥ የተጨመረውን ውሃ አላወቅሁም።

«ወተቱ ለቀነሰ ልጅ ነው» አልኳት። «ለከሳ ነው።»

ሳሙናውን አስቀመጠች። «ለቀነሰ?»

«ለቀነሰ።»

«ታዲያ ሲጨምር ለምን ሳቅህ?»

ተንበርክኬ የልጁን እግር ይዤ በአውራ ጣቴ ተጫንኩና አሳየኋት። ኦባንግም መቅዘፊያውን ጥሎ መጣ፣ አየ፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር አላት። እሷ ግን አላየችም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ነኝ የማጥበው። ጣቴ ሲገባ በየቀኑ አያለሁ። ጠየቅሁህ። ፊቱ ምንድን ነው አልኩህ፣ ስብ ነው አልክ። ሚዛን ያውቃል፣ ወረቀት ያውቃል አልኩ። እጄን ትቼ አንተን አመንኩ።»

ዱላ ቢያነሡብኝ ይሻለኝ ነበር። ኦባንግ መቅዘፊያውን አነሣና «ጠዋት ሲነጋ ና፣ ደገኛ» አለኝ። «ዋና ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጥሩ። ከወደቅክ ከአዞው ጋር አትጨቃጨቅም።»

ሲነጋ ጋዋኔን ለብሼ ወንዝ ወረድኩ። ጋዋን ያደረግሁት ክሊኒኩ ላይ እንዲያስገቡን ብዬ ነው። አሪየት ልጁን በጨርቅ ጠቅልላ ታንኳው አጠገብ ቆማለች። ኦኬሎ ያን ቀን ጠዋት ዓይኑንም መክፈት አቅቶት ነበር፤ ሽፋሽፍቱ አብጦ ተዘግቷል። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ዙሪያችንን ከበዋል። ታንኳው ሊገፋ ሲል አቶ ንጉሤ በጃንጥላው ከዳገቱ ወረደ፤ ዘበኛው ከኋላው አለ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ትንሽ ከተማ ናት።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ክሊኒክ።»

«ዐርባ አንድ ቁጥር የማዕከሉ ልጅ ነው። ሌላ ቦታ ከታከመ ጥናቱ ውስጥ ሊቆጠር አይችልም። የአንድ ዓመት ሥራ ነው የምታበላሸው።»

«ልጁ ሊሞት ነው እኮ።»

«ካርዱ እንደዚያ አይልም።»

ሴቶቹ የተባለው ምን እንደሆነ እርስ በርሳቸው ተተረጓጎሙ። አንዲት አሮጊት ጃንጥላውን እያየች አንድ ነገር አለች፣ ሁሉም ሳቁ። እስካሁን ምን እንዳለች አላወቅሁም፤ ኦባንግ ሊነግረኝ እምቢ አለ።

«እሺ» አለ አቶ ንጉሤ። «ሂድ። ጋዋኑን ግን አውልቅ፤ ንብረት ነው።»

አወለቅሁ። ከሥሩ የለበስኩት ሸሚዝ ጀርባው ላይ የተቀደደ ነበር፤ ሴቶቹ አሁን በኔ ሳቁ። ሳቁ ይገባኛል።

«የልጁንም ቁጥር» አለ።

አሪየት የቆርቆሮውን ክር ለመፍታት ሞከረች፣ አንገቱ አብጦ ቋጠሮው አልታይ አላት። ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው። ቆርቆሮውን ጫማው አጠገብ ጭቃው ላይ ጣለችለት። «ቁጥርህን ውሰድ፣ ልጄን ተው» አለችው። ዘበኛው አነሣው፤ እሱ አጎንብሶ አላነሣም።

ባሮ በሐምሌ ወንዝ አይባልም። ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ይመጣል። ኦባንግ ቆሞ እየቀዘፈ፣ እኔ የሚገባውን ውሃ በቅል እየጨለፍኩ፣ አሪየት መሐል ቁጭ ብላ ልጇን ይዛ ወረድን። አንድ ግንድ ጎናችንን መትቶን ታንኳው ሲያጋድል ልጁን በአንድ እጇ ከራሷ በላይ አነሣችው፤ በሌላው እጇ የኔን ሸሚዝ ያዘች። ከዚያ ታንኳው ተመልሶ ተቃና። ልጁ በዚያ ሁሉ አላለቀሰም። አለማልቀሱ ነው ያስፈራኝ። በየጊዜው ጆሮዋን አፍንጫው ላይ ታደርጋለች፣ ከዚያ ቀና ትላለች። ቀና ስትል እኔም እተነፍሳለሁ። እስከ እኩለ ቀን እንዲህ ሄድን።

የክሊኒኩ ነርስ አሮጊት ነጭ ሴት ናት፤ አኙዋኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፣ አማርኛዋ ግን ጥቂት ነው። ልጁን ተቀብላ ሚዛን አልፈለገችም። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር እግሩን በአውራ ጣቷ መጫን ነበር። ከዚያ ፀጉሩን ነካች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ስንት ሳምንት?»

«አራት።»

«ማን ያየው ነበር?»

«እኔ። እመዝነው ነበር።»

በኩባያ ቀጭን ወተት በጥብጣ፣ ማንኪያ ሰጠችኝና ለኦባንግ በአኙዋኛ ነገረችው። ኦባንግ ተረጎመልኝ፦ «አንተ ነህ የምታጠጣው አለች። ትንሽ ትንሽ። ቶሎ ቶሎ። ካበዛህበት ይሞታል።»

ሦስት ቀን በማንኪያ አጠጣሁት። መጀመሪያ ላይ በከንፈሩ ጥግ ይወጣ ነበር። አሪየት ከጎኔ ቁጭ ብላ ማንኪያውን እንጂ እኔን አታይም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ሰውነቱ ቀዘቀዘ፤ ነርሷ መጥታ በጨርቅ ጠቅልላ ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቃ አሰረችው። አሪየት ያን ጊዜ የመንቶቹን ስም ጠራች፣ ቀስ ብላ። እኔ ማንኪያዬን ይዤ ወጣሁ፣ ተመለስኩም። ሌላ ምን ላድርግ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጁን ታቅፌው ሳለ ሸናብኝ። ዝም ብሎ ሸና፣ ሸና፣ አያበቃም። ቁምጣዬ ረጠበ፣ ወለሉ ረጠበ። አሪየት አይታ ሳቀች፤ ከታንኳው ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። «አሁን ሳቅ» አለችኝ። «አሁን ነው የሚሳቀው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃው ከሰውነቱ ወጣ፤ በሽንት ወጣ። እግሩ ቀጠነ፣ ፊቱ ከተደበቀበት ወጣ፣ የጎድን አጥንቱ ታየ። ለካ ከዚያ ሁሉ ውፍረት ውስጥ የነበረው አጥንት ነው። በሳምንቱ ነርሷ መዘነችው፤ በጣም ቀንሶ ነበር። ቁጥሩን ጽፋ ደስ ብሏት ጭንቅላቱን ሳመችው። ያንን ሳይ ሚዛን ማንበብ ያን ቀን የተማርኩ መሰለኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ተመለስን። ኦኬሎ ይቆማል፣ ይሳደባል፣ ዓሣ ካላገኘ ይማታል። እኔ ወደ ማዕከሉ የመሄድ ሐሳብ አልነበረኝም። አሪየት ናት እንሂድ ያለችው። «ቀንሷል» አለች። «ወተቱ ለቀነሰ ነው ብለሃል።» ትክክል ናት። ሐሙስ ጠዋት ከሰልፉ ተሰለፈች፣ አዲሱ መዛኝ ልጁን ሰቀለው፤ የኦኬሎ ጩኸት መጋዘኑን አናጋው። አቶ ንጉሤ ከቢሮው ወጣና ቁጥሩን አየ።

«አየህ?» አለኝ። «እኛ ዘንድ እያለ ሲጨምር ነበር። አንተ ወስደኸው ቀነሰ።»

«ከመስመሩ በታች ነው?» አልኩት።

«በጣም በታች ነው።»

«እንግዲያው ወተቱን ይስጧት።»

«በመዝገብ የለም። ካርዱ ተዘግቷል።»

አሪየት አልተሟገተችም። ልጇን ከሚዛኑ አወረደች፣ ሰልፉ ላይ ወዳሉት እናቶች ዞረች፣ በቋንቋቸው ተናገረች። ረጅም ንግግር አልነበረም። ወተቱ ለማን እንደሆነ ነገረቻቸው፤ በጣት እንዴት እንደሚጫኑም በኦኬሎ እግር ላይ አሳየቻቸው። እናቶቹ ከሰልፉ ሳይወጡ የልጆቻቸውን እግር መጫን ጀመሩ። ሁለቱ ጣታቸውን አንሥተው እንደደነገጡ ቀሩ። ኦባንግ ያንኑ ቀን ሁለቱን ከነልጆቻቸው በታንኳው ወደ ክሊኒኩ ይዟቸው ወረደ።

አንባቢዬ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሚዛን አልያዝኩም። ከኦባንግ ጋር ዓሣ እያመላለስኩ ኖርኩ፤ ዋናም ተማርኩ፣ በመጥፎ ሁኔታ። ልጅ ወልጄ ሲያመኝም ሲያመውም ወረቀት ይዤ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ፤ ሐኪም አልጠላም፣ መድኃኒትም አልንቅም። የምንቀው ልጁ ፊቱ ቆሞ ሳለ ካርዱን የሚያየውን ነው። ከሱ አብልጬ ደግሞ የምንቀው፣ እጁ የሚያውቀውን ነገር ነጭ ልብስ ስላለበሱት የረሳውን ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። እናት ፊቱ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ጥያቄ መስሏችሁ አትመልሱ። እየነገረቻችሁ ነው።

ሸበቶው ሐኪም በጥቅምት ሜዳው ሲደርቅ መጡ። እኔ ያኔ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ከአሪየት ጋር ዓሣ እያወረድኩ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበረ ይሰማል። ካርዶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ሲያዩ ቆዩና አንዱ ላይ ቆሙ።

«ዐርባ አንድ፣ ኦኬሎ፣ ምን ሆነ?»

«ጠፍቷል» አለ አቶ ንጉሤ።

ሐኪሙ በበሩ አሻግረው አዩ። ኦኬሎ ከበሩ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ የዓሣ ጭራ ይዞ፣ በሌላው የአቶ ንጉሤን ጃንጥላ ሊከፍት ይታገላል። ስሙን ኦባንግ በየደቂቃው እየጠራ ይቆጣዋል። ሐኪሙ መጥተው ቁጢጥ አሉ፣ እግሩን ያዙ፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ጣታቸውን አነሡ። ምልክት አልቀረም።

«ከየት ነው የጠፋው?» አሉ፣ ከልጁ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«ከጥናቱ ነው ጌታዬ» አለ።